በኪሴ የገባው

ከመናኸሪያው በታች የውዱ ሱቅ አለ፣
በሩን በሰማያዊ ሸራ የከለለ።
አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ እንደ ወፍጮ እያጓራ፣
የስንቱን ሰው ፍላሽ ከጠዋት በተራ
ይቀበላል፣ ይሰጣል፤
እጁን ሳይታጠብ ለሁሉም ያጎርሳል።

እኔም ሰኔ መባቻ፣ ዝናቡ ሲያካፋ፣
የስድስተኛ "ሐ"ን ውጤት ላሳትም ስጋፋ፣
ሦስት ገጽ አሳተምሁ፣ ሠላሳ ብር ከፈልሁ፣
ፍላሼን ነቀልሁ፣
ኪሴ ጨመርሁና ወደ ቤት አዘገምሁ፤
ብቻዬን መስሎኛል።
ሰው ኪሱን ይዳስሳል እንጂ ውስጡን መች ያውቃል።

ፍኖተ ሰላም ነው፤ ስሙም መንገዱም ሰላም፤
መንገደኛውን ግን የጠየቀው የለም።

ቤታችን በር አለው፣ ብረት፣ ባለ ሁለት ቁልፍ፤
አጥሩ ላይ ጠርሙስ አለ፣ ሌባ እንዳያልፍ፤
ውሻም አለን፣ ዳኘው፣ በጥላ የሚቆጣ፤
ኪሴን አሸተተ፣ ምንም ሽታ አጣ።

የአባዬ ኮምፒውተር ቡፌው ጎን ይኖራል፣
ዳንቴል ተከናንቦ እንደ ሙሽራ ይውላል።
ሰካሁት። "ውጤት" የሚል ፎልደር አየሁ፣
ከግርጌው ትንሽ ቀስት። አይቼ አለፍሁ።
ሁለቴ ነካሁት፤
ተከፈተልኝ፤ እኔም ከፈትሁለት።

ሁለት ቀን ዝም አለ።
ሲያስነጥሰው እንኳ ማንም አላስተዋለ።
የአባዬ ማሽን ብቻ ለመነሣት ሰነፈ፤
"እንደ እኔው አርጅቷል" ብሎ ሣቀና አለፈ።

ዋይፋዩ አንድ ነው፣ አራት ክፍል ይቀዳል፤
የይለፍ ቃሉንም ጎረቤት ያውቀዋል፤
የእህቴ ስም ነው፣ አንድ ሁለት ሦስት ይከተላል።
እሱ ግን ቃል መቼ ሽቶ፣
ቤተኛ ነው አሁን፣ ከሳሎን ተነሥቶ
በየበሩ ዞሮ "ማን አለ?" ይላል፤
ከውስጥ ላንኳኳ ሰው ማን "ማነህ?" ይለዋል?

ወንድሜ ይበልጣል፣ ደግነት አብዝቶ፣
"የጋራ" የሚል ፎልደር ያለ ቁልፍ ከፍቶ፣
የሠርግ ፎቶ፣ ፊልም፣ ያገኘውን ሞልቶ፤
እዚያ ገባ፣ አደረ፣ ተባዝቶ ተባዝቶ።

ከጓሮው ክፍል ደግሞ ባንቻየሁ ተከራይታለች፣
ጤና ጣቢያ ነርስ፣ ሌሊት ተረኛ ነች።
ላፕቶፗ በየቀኑ "አድሺኝ" ይላታል፤
"ነገ" ትለዋለች፤ ነገ መች ያልቅባታል።
በዚያች "ነገ" ቀዳዳ ሹልክ ብሎ ገባ።

ስልኮቻችንን ግን አይቶ አለፋቸው፤
ቋንቋቸው ሌላ ነው፣ አላናገራቸው።

ሐሙስ ማታ ጩኸት።
"ወባዬ ጠፋ!" አለች፣
እስከ ማንኩሳ ድረስ በእግሯ የዞረች፣
ሁለት መቶ አርባ ሰው የጠየቀች።
መመረቂያ ጽሑፏ፣ የሁለት ዓመት ልፋት፣
ስሙ ብቻ ቀርቶ፣ ሁሉም ቀስት፣ ቀስት።

አባዬ በልጅነት ቅኔ ቤት ነበረ፤
መነጽሩን ጠርጎ ስክሪኑን መረመረ።
"ሰሙ ፎልደር" አለ፣ "ወርቁ ሌባ ኖሯል፤
ደኅና ዘራፊ ነው፣ እኔንም አልፎኛል።"

ይበልጣል ገመዱን ከግድግዳው ነቀለ፤
አረንጓዴው ዓይን ጠፋ፣ ቤቱ ጸጥ አለ።
እያንዳንዱን ለብቻ፣ እንደ ኮሌራ ሕሙም፣
ለይቶ ሲያጸዳ ነጋበት፣ አልተኛም።
"ከየት መጣ?" ተባለ።
አባዬ "ፊልምህ" አለ፣
ይበልጣል ጤና ጣቢያውን፤
እኔ ቆጠርሁ የምንጣፍ አበባውን።

ወረቀቱ ግን ነበር፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ፤
"ላግዝሽ" አልኋት፤ "ደግ ነሽ" አሉኝ ሁሉ።
(ያቺ ቃል ከሁሉም ይልቅ አቃጠለችኝ።)

እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤
ሠላሳኛው ሰው ላይ እንዲህ ስትል ሰማሁ፦
"ቤት ውስጥ ቀድሞ ትኩሳት የያዘው ማን ነበር?"
ጣቴ ቆመ። ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲያንደረድር።
"እኔ" አልኋት፤ "ፍላሹ የእኔ ነው።"
ቀና ብላ አየችኝ፣ ብዙ ሳትናገር፤
ጣቷን ወረቀቱ ላይ አኑራ፣
"እዚህ 'እናት' ይላል" አለች፤ "ጻፊና እንሻገር።"